ያልመለስነው ውለታ፦ ጓያ የሰበራቸው ሰዎችና የምርምር ታሪካችን

ቆቦ ላይ "ምርምር" ስትሉ መጀመሪያ የሚነሳው ማሽላ ነው። አይፈረድም! ከዞብል ተራራ ግርጌ አንስቶ በስተምዕራብ እስከቆመው የደጋ ግድግዳ ድረስ የተነጠፈው የራያ ቆላ ኑሮው በማሽላ ነው፤ ማሽላው ደግሞ ኑሮው ከደጋው ተንደርድሮ በሚወርድ ጎርፍና ሲያሻው በሚቀር ዝናብ ነው። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች በቆቦ የሙከራ ማሳ ይዘው ለዓመታት ሲዘሩ፣ ሲለኩና ሲያወዳድሩ ኖረዋል። ገበሬውም ዝም ብሎ ተመልካች አይደለም። ቶሎ የሚደርስ ዝርያ ሲያሳዩት "ጥሩ ነው፣ ግን አገዳው አጭር ነው፤ ከብቱ ምን ይብላ?" ብሎ ይሞግታል።

ውጤቱን ማየት የፈለገ የዝርያዎቹን ስም ብቻ ይመልከት፦ ጎብዬ፣ ሆርማት፣ ጊራና፣ ራያ። ጎብዬ ከቆቦ ወደ ወልድያ ስትሄዱ የምታገኟት ከተማ ናት። ሆርማት የአካባቢው ወንዝ ነው። "ጎብዬ" የተባለው ማሽላ "አብሽር" ከሚባለው ወንድሙ ጋር አቀንጭራን እንዲቋቋም ተደርጎ የወጣ ሲሆን፣ ከጀርባው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የወሰዱት የፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ ሥራ አለ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ምርምሩ መሬቱን ጠየቀ፤ መሬቱም ገበሬውም መለሱ፤ መልሱ ደግሞ ዘር ሆኖ፣ ለዚያውም የሰፈሩን ስም ይዞ ተመለሰ። ወግ ያለው ነገር ማለት እንዲህ ነው።

የዛሬው ወሬያችን ግን ስለ ሌላ ምርምር ነው። ስለ አገዳ ሳይሆን ስለ አከርካሪ። ከቆቦ ወደ ወልድያ ሄዳችሁ፣ ከዚያ ወደ ጋሸና ወጥታችሁ፣ ወደ ደቡብ ስትታጠፉ ደላንታና ዳውንት ይገኛሉ። እዚያ ደጋ ላይ ኅብለ ሠረሠራቸው (በአከርካሪ አጥንት ውስጥ የሚያልፈው የነርቭ ገመድ) የተጎዳ ብዙ ሰዎች ለተመራማሪዎች ጥያቄ መልስ ሰጥተዋል። ዓለም ስለ አንድ በሽታ ዛሬ ከሚያውቀው ቀላል የማይባለውን ያወቀው ከእነሱ አፍ ነው። ታዲያ በስማቸው የተጠራ ነገር አለ? እስኪ ከሥሩ እንጀምረው።

ጓያ እንዴት ይሰብራል?

ከተማ ተወልደን ላደግነው ጓያ ምናልባት ከሽሮ ጋር የተቀላቀለ እህል ብቻ ነው። ለደጋው ገበሬ ግን ኢንሹራንስ ነው። ክረምቱ ሲያበቃ መረሬ አፈር ላይ ብትበትኑት በቀረችው እርጥበት ይበቅላል። ውሃ ቢተኛበት ይችላል፣ ድርቅ ቢመጣ ይችላል፣ ማዳበሪያ አይጠይቅ፣ አረም አያስቸግር! ሌላው እህል ሁሉ እጁን ሲሰጥ ጓያ አይሰጥም። ስለዚህ ድርቅ በጠና ቁጥር ከቤተሰቡ ማዕድ ላይ ጤፉ ይቀንሳል፣ ገብሱ ይቀንሳል፣ ጓያው ይበዛል።

ችግሩም ያለው እዚያው ላይ ነው። በጓያ ፍሬ ውስጥ ተመራማሪዎች ባጭሩ "ኦዳፕ" የሚሉት የነርቭ መርዝ አለ። ከሌላ እህል ጋር ጥቂት ጥቂቱን ለሚበላ ሰው ይህ ነው የሚባል ጉዳት የለውም። ነገር ግን ለሁለት ለሦስት ወር ዋናው ምግብ ጓያ ብቻ ሲሆን፣ ከአንጎል ተነስቶ በኅብለ ሠረሠር በኩል ወደ እግር የሚወርደው የትእዛዝ መስመር ይጎዳል። እግር ይገተራል፣ ጉልበት ይቆላለፋል፣ ተረከዝ መሬት መንካት ያቅተዋል፤ ሰውዬው በጣቶቹ እየተራመደ፣ እግሮቹ እንደ መቀስ እየተጠላለፉ ይሄዳል። አንዳንዱ ማታ ደህና ተኝቶ ጠዋት ሲነሳ እግሩ አልታዘዝ ይለዋል። ሕዝቡ "ጓያ ሰበረው" ይላል። ሐኪሞቹ "ላቲሪዝም" ይሉታል።

ሁለት ነገር ጨምራችሁ ያዙልን። አንደኛ፣ አይድንም። የተጎዳው መስመር ተመልሶ አይጠገንም። ሁለተኛ፣ አይገድልም። አእምሮ እንዳለ ነው፣ አንደበት እንዳለ ነው፣ ዕድሜም አያሳጥርም። ስለዚህ በ12 ዓመቱ የተሰበረ ልጅ 50 እና 60 ዓመት አብሮት ሊኖር ነው ማለት ነው። ላቲሪዝም እንደ ወረርሽኝ መጥቶ የሚሄድ ቢሆንም፣ የተሰበሩት ሰዎች ግን አይሄዱም፤ እዚያው ይቀራሉ።

ጎያና ጓያ

"የኛ ጉድ" ብላችሁ እንዳታዝኑ፤ ጓያ ሰው የሰበረው በኛ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1811 እስከ 1812 ማድሪድ በናፖሊዮን ጦርነት መሐል በረሃብ ስትቆላ፣ ሠዓሊው ፍራንሲስኮ ጎያ (የስም መመሳሰል ነው፣ ዝምድና የላቸውም!) የተራቡ ሰዎች በጓያ ገንፎ ዙሪያ ተሰብስበው የሚያሳይ ሥዕል ሠርቷል። ለበሽታው "ላቲሪዝም" የሚለውን ስም ያወጣለት ደግሞ ኔፕልስ የነበረው ጣሊያናዊው ሐኪም አርናልዶ ካንታኒ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1873።

ከሁሉ የሚከብደው ታሪክ ግን የቫፕኒያርካ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1942፣ ከሮማንያ የተጋዙ አይሁዶች ዛሬ ዩክሬን በሆነው መሬት ላይ ቫፕኒያርካ በተባለ ካምፕ ታጎሩ። ለእያንዳንዱ እስረኛ በቀን 400 ግራም ገደማ ለከብት መኖ የሚሆን ጓያ ይሰፈርለት ጀመር። ጥቂት ወራት ሳይሞላ በመቶዎች የሚቆጠሩት እግራቸው ተያዘ። ከእስረኞቹ መሐል አርተር ኬስለር የሚባል ሐኪም ነበር። እሱ ራሱ ታሳሪ ሆኖ ጓደኞቹን መረመረ፣ ማን ምን እንደበላ፣ መቼ እንደተያዘ መዘገበ፣ መንስኤው ምግቡ መሆኑንም ደረሰበት። እስረኞቹ ያንን ምግብ እምቢ አሉ።

የዚህ ታሪክ ትልቁ ቁም ነገር ከጦርነቱ በኋላ ያለው ነው። ከተረፉት ብዙዎቹ እስራኤል ገቡ፤ ኬስለርም ገባ። ከ30 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ እንኳ የነርቭ ሐኪሞች የቫፕኒያርካን ሰዎች እየፈለጉ እንዴት እንደሚኖሩ፣ እግራቸው ባሰበት ወይስ ባለበት ቆመ ብለው አጥንተዋል። ተጠያቂዎቹም መጠሪያ ነበራቸው፤ "የቫፕኒያርካ ተራፊዎች" ተብለው በታሪክ ተጽፈዋል። ጠያቂው ደግሞ አብሯቸው ያንን ምግብ ያየ ሰው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1964 የሕንድ ሳይንቲስቶች መርዙን ከጓያ ፍሬ ነጥለው አወጡት። ገራሚው ነገር በዚያው በ1964 የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በሄልሲንኪ ተሰብስቦ በሰው ላይ የሚደረግ ጥናት የሚመራበትን መግለጫ አጸደቀ። መርዙም ሕጉም በአንድ ዓመት መታወቃቸው ነው እንግዲህ! ሕጉ ግን ከመርዙ ይልቅ ቀስ ብሎ ነው ወደኛ የደረሰው።

የኛ ጠያቂዎች

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ጎንደር ውስጥ በደምቢያና በፎገራ ሜዳ ላይ ጓያ ብዙ ሰው ሰበረ። ወረርሽኙ እ.ኤ.አ. በ1978 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ተጻፈ። ቀጥሎ የመጡት በአገሪቱ የነርቭ ሕክምና ታሪክ ስማቸው ከፊት የሚጠራው ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ናቸው። ፕሮፌሰር ረዳና ባልደረቦቻቸው "በሽተኛው ሆስፒታል ይምጣ" ብለው አልተቀመጡም፤ ቤት ለቤት ዞሩ። ቡታጅራ አካባቢ እንዲህ እየዞሩ ከ60,000 በላይ ሕዝብ ውስጥ የነርቭ ሕመም ያለበትን ቆጥረዋል። በሰሜን ምዕራብ የአገሪቱ ገጠሮች ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው ጥናት ደግሞ በአማካይ ከ1,000 ሰው 6 ያህሉ በላቲሪዝም የተጠቃ ሆኖ አገኙት።

አንድ አፍታ ቆም ብለን እንየው። አንድ ገበሬ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጧል። ነጭ ካፖርት የለበሰም ያልለበሰም እንግዳ መጥቶ "እስኪ ተነስተው ይራመዱ" ይለዋል። ሰውዬው ጎረቤት እያየው፣ ልጆቹ እያዩት ይነሳል፣ ይራመዳል። እንግዳው ይጽፋል። የሚጽፈው ምን መሰላችሁ? የምርኩዙን ቁጥር ነው። የላቲሪዝም ጉዳት የሚለካው በአራት ደረጃ ነውና፦ ያለ ምርኩዝ የሚሄድ፣ ባንድ ምርኩዝ የሚሄድ፣ በሁለት ምርኩዝ የሚሄድ፣ በመጨረሻም የሚድህ። የአንድ ሰው ሙሉ ኑሮ በአንድ ሳጥን ውስጥ ምልክት ሆኖ ይገባል!

በመለካታቸው አንከስም። ሳይለካ የሚታወቅ ነገር የለም፤ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ያለው አገር የኛው ነው። የምንለው፣ መራመድ ለሚያሳፍረው ሰው "ይራመዱ" ሲባል መነሳቱ ራሱ ስጦታ ነበር ነው።

ደላንታ ዳውንት

አሁን ወደ ወሎ መጣን። በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ) ያ ደጋ በድርቅ ተመታ። ያን ጊዜ ደላንታ ዳውንት አንድ ወረዳ ሆኖ በሰሜን ወሎ ሥር ነበር፤ በኋላ ደላንታ ወደ ደቡብ ወሎ ሲሄድ ዳውንት ሰሜን ወሎ ቀርቷል። ያልከዳው እህል ጓያ ብቻ ሆነ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ሕዝቡ እያወቀ በላው። አዎ፣ እያወቀ! "ጓያ ይሰብራል" የሚለውን ለመስማት ደላንታ ዩኒቨርሲቲ አላስፈለጋትም። ከድርቁ በኋላ በነበሩት ዓመታት በዚያ አንድ ወረዳ ብቻ ከ2,000 በላይ ሰው ተሰበረ።

ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁን፣ ፕሮፌሰር ረዳ፣ በቤልጅግ የጌንት ዩኒቨርሲቲው ፈርናንድ ላምባይንና ሌሎች ባልደረቦች ይህንን ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ለዓለም አስታወቁ። ቀጥሎም እስከ 2005 ድረስ በዚያው በደላንታ ሕዝብ ላይ የተመሠረቱ በርካታ ጥናቶች ታተሙ። ዶክተር ኃይለየሱስ በኋላ በዓለም ጤና ድርጅት ትልቅ ኃላፊነት ላይ የደረሱ ሰው ናቸው።

ጥናቶቹ ምን ጠየቁ? ብትሰሙት የእናታችሁን ማጀት የሚፈትሹ ነው የሚመስላችሁ። ጓያውን በምን መልክ ነበር የምትበሉት? ቂጣ አድርጋችሁ? እንጀራ? ንፍሮ? ቆሎ? እሸቱን? ወጥ? ወጡ ውስጥ ሽንኩርት ነበር? ከሌላ እህል ጋር ቀላቅላችሁታል? ድስታችሁ ሸክላ ነው ወይስ ብረት? ከቤት ውስጥ ሌላ የተሰበረ አለ? የተሰበረውንም ያልተሰበረውንም ጎረቤት ይጠይቃሉ፤ ልዩነቱ የት ላይ እንደሆነ ለማየት።

ልዩነቱም ተገኘ። ጓያን ቀቅሎ፣ ቆልቶ ወይም እሸቱን ጥሬውን መብላት ለአደጋ ያጋልጣል። የቦካ እንጀራ፣ ቂጣና ወጥ አድርጎ መብላት ግን እንደዚያ ሆኖ አልተገኘም። ሽንኩርትና ቅመም ባለበት ወጥ መብላት፣ ከጤፍና ከማሽላ ዓይነት እህል ጋር መቀላቀል አደጋውን ይቀንሰዋል። ወንዶች ከሴቶች፣ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች ከሌላው ይበልጥ ተጠቂ ሆነው ተገኙ። ማሳ ለማሳ እየዞረ እሸት የሚሸመጥጠው ማን እንደሆነ መቼም አይጠፋችሁም፤ እረኛው ልጅ ነው! በሸክላ ዕቃ ብቻ በሚያበስል ቤትም በሽታው በርትቶ ታይቷል።

ሌላም ጥናት አለ፤ እኛ በጣም የወደድነው። ተመራማሪዎቹ ስለ በሽታው ያለውን እውቀት ገበሬውን ብቻ አልጠየቁም፤ የጤና ሠራተኛውንም ጠይቀው ሁለቱን አወዳደሩ። ሕዝቡ መካከል "የሚሰብረው እንፋሎቱ ነው" የሚል እምነት ነበር፤ የጤና ሠራተኞቹም እውቀት ብዙ የሚጎድለው ሆኖ ተገኘ። ጠያቂው ተጠያቂ ሲሆን ማለት ይኼ ነው። ምርምር ወደ ላይም ወደ ታችም ሲያይ እንዲህ ደስ ይላል።

እህሉ ቆላ ነው ያለው

ቆቦን እስካሁን የረሳናት ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። የጥናቱን ውጤት መልሳችሁ አንብቡት፦ ሰውን ከመሰበር የሚያድነው አንዱ ነገር ጓያውን ከእህል ጋር መቀላቀል ነው። እህል የት አለ? ማሽላ የት አለ? እታች፣ ሜዳው ላይ!

የወሎ ደጋና የራያ ቆላ በእህል የተሳሰሩ ጎረቤታሞች ናቸው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ማሽላ ሲደርስ ደገኛው ለአጨዳ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ጉልበቱን ሸጦ እህል ወይ ገንዘብ ይዞ ይመለሳል። እንግዲህ ሒሳቡን ሥሩት። ማሽላው ያማረ ዓመት ደገኛው ቤት ጓያ ከማሽላ ጋር ይቀላቀላል። ዝናቡ በሁለቱም በኩል የቀረ ዓመት፣ ቆላው ራሱን መመገብ ሲያቅተው፣ ደገኛው ከጓያው ጋር ብቻውን ይቀራል። አንዴ ከተሰበረ ደግሞ ወደ ራያ የሚወስደው ቁልቁለት ለዘላለሙ ይዘጋበታል። ባንድ ምርኩዝ ሆኖ አጨዳ የለም! እህል ባለማግኘቱ ተሰበረ፣ በመሰበሩ ደግሞ እህል ማግኛው ተቋረጠ። የጓያ ክፋቱ ይኼ ነው።

ለዚህ ነው እነ ዶክተር ኃይለየሱስ እ.ኤ.አ. በ2003 ላንሴት ላይ ባወጡት ጽሑፍ የእርዳታ እህል ጉዳይ የተነሳው። እህል በጊዜ ቢደርስና ከጓያው ጋር ቢቀላቀል ብዙ እግር ይተርፋል። ይህ ትልቅ እውቀት ነው። ያገኘነውም በቤተ ሙከራ ውስጥ አይደለም፤ እግራቸው ከተያዘ ሰዎች "በዚያ በክፉ ቀን ምን በላችሁ?" ተብለው ከሰጡት መልስ ነው።

ወርቅ ላበደረ...

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን ደረስን። እነዚያ ሰዎች መልስ ሲሰጡ ለራሳቸው ምንም አላገኙም። የተጎዳ ኅብለ ሠረሠር አይመለስም ብለናል። የተሰበረው ሰው የመለሰው ገና ላልተሰበረው ነው። የማያውቀውን፣ ምናልባትም ያልተወለደውን እረኛ እግር ለማትረፍ ነው የድህነቱን ዝርዝር፣ የማጀቱን ገመና፣ ልጁ ምን እየበላ እንደተሰበረ የተናገረው። አንዲት እናት "ልጅዎ ከመሰበሩ በፊት ምን አበሉት?" ስትባል የሚሰማትን አስቡት እስቲ። ጥያቄው ሳይንስ ነው፤ ለእሷ ግን ፍርድ ቤት ነው።

ከእውቀቱ ደግሞ ፍሬ ወጥቷል፤ እንዳልወጣ አናስመስል። መርዙ የቀነሰ "ዋሴ" የሚባል የጓያ ዝርያ በአገራችን ተለቋል። አዘገጃጀቱን የሚመክር ትምህርትም ተገኝቷል። ይሁን እንጂ የጥናቶቹ ጽሑፎች የታተሙት በእንግሊዝኛ፣ ለንደንና መሰል ከተሞች በሚታተሙ መጽሔቶች ላይ ነው። ደላንታ ያለው ተጠያቂ "ያኔ የነገርኳችሁ ነገር ይህንን አስገኘ" ተብሎ በአማርኛ የሚነገርበት ደንብ በዚያ ዘመን አልነበረም። የሄልሲንኪው መግለጫ የጥናት ተሳታፊ ሁሉ አጠቃላይ ውጤቱን የማወቅ ምርጫ ሊሰጠው እንደሚገባ ይላል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በተሻሻለው ቅጂ ላይ በግልጽ ሰፍሯል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2010 የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም በ31ኛው አንቀጹ፣ ስለ አካል ጉዳተኞች የሚሰበሰብ መረጃ ተመልሶ ለእነሱ በሚደርሳቸው መንገድ መሰራጨት አለበት ይላል። ለአካል ጉዳተኞች "መረጃችሁን ስጡን" የሚል መንግሥትም ሆነ ተቋም "መልሱንም ውሰዱ" የማለት ግዴታ አለበት ማለት ነው።

የማሽላውን ነገር ያነሳነው ለዚህ ነው። ለመሬቱ ጥያቄ መልሱ ዘር ሆኖ "ጎብዬ" ተብሎ ተመለሰ። ለሰውስ? ወርቅ ላበደረ ጠጠር እንዳይሆን!

ቆቦ ዛሬ

"ይኼ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ነው" የሚል አይጠፋም። አላለፈም። ጦርነቱ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ቆቦ ገባ፤ በነሐሴ 2014 ደግሞ ተመልሶ መጣ። የጥይትና የፍንጣሪ ነገር የታወቀ ነው፤ አከርካሪ ላይ ያረፈ ጥይት ኅብለ ሠረሠርን ሊበጥስ ይችላል። በዚያ ላይ የመኪና አደጋ አለ፣ ከዛፍና ከገደል መውደቅ አለ።

ይህኛው ጉዳት ከጓያው ይከፋል። ጓያ የሰበረው ሰው እግሩን ይሰማዋል፤ በጥይት ኅብለ ሠረሠሩ የተበጠሰ ሰው ግን ከጉዳቱ በታች ያለው አካሉ አይሰማውም። ሽንቱን መቆጣጠር ያቅተዋል፣ ባንድ ጎን ብዙ ሲተኛ ሳይታወቀው ገላው ይቆስላል። ሰውን የሚገድለውም አብዛኛውን ጊዜ ጥይቱ ሳይሆን ከወራት በኋላ የሚመጣው ቁስልና የሽንት ኢንፌክሽን ነው። እነዚህ ደግሞ በእንክብካቤ የሚከለከሉ ናቸው። ስለዚህ "ቤት ከገባችሁ በኋላ እንዴት ናችሁ?" የሚለው ጥያቄ የትሕትና ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ ሕይወት ያድናል።

ይህንን የሚጠይቁ ጥናቶች በዓለም ላይ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2017ና በተከታዮቹ ዓመታት ከኅብለ ሠረሠር ጉዳት ጋር ስለመኖር በ22 አገሮች ከ12,000 በላይ ሰዎች የተጠየቁበት ትልቅ ጥናት ተካሂዷል። ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካና ሞሮኮ ነበሩበት። ኢትዮጵያ የለችበትም። በኛ በኩል የኢትዮጵያና የኖርዌይ ሐኪሞች አንድ ላይ ሆነው፣ በኢትዮጵያ ሆስፒታል ለአከርካሪ ጉዳት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች በኋላ ምን ላይ እንደደረሱ ያጠኑት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። ጥሩ ጅምር ነው። ነገር ግን ቀዶ ሕክምና ለማግኘት ሆስፒታል የደረሰው ሰው አንድ ነው፣ ሮቢት ወይም ዞብል ቤቱ ተኝቶ የቀረው ሌላ ነው። ያልተጠየቀ ሰው ደግሞ በቁጥር ውስጥ የለም፤ በቁጥር ውስጥ የሌለ ሰው በበጀት ውስጥም የለም።

ስለዚህ ጠያቂ መምጣቱ አይቀርም፣ መምጣትም አለበት። ከእናንተ ከአንባቢዎቻችን መካከል ነገ ለመመረቂያ ጽሑፉ ወይም ለአበል ብሎ ታብሌት ይዞ ቆቦ የሚወርድ ይኖራል። (አበሉን አናጣጥልም፤ ኑሮ ነው!) የዚያን ጊዜ የደላንታ ሰዎችን አስታውሱ። መጠይቁን ከመክፈታችሁ በፊት ተጠያቂው እነዚህን እንዲጠይቃችሁ ዕድል ስጡት፦ ማን ነህ፣ ማን ላከህ? የምነግርህ ነገር ለምን ይውላል? እምቢ ብል ሕክምናዬ ወይ እርዳታዬ ይቀርብኛል? ስሜን ማን ያየዋል? በመጨረሻም፣ ያገኘኸውን መቼ መጥተህ ትነግረኛለህ?

የአራቱን መልስ ጥሩ የሥነ ምግባር ቅጽ ይይዘዋል። አምስተኛው ግን የሰው ነገር ነው፤ ተመልሶ መምጣት ይጠይቃል። አንድ ገጽ አማርኛ፣ አንድ የቀበሌ ስብሰባ፣ አንድ የገበያ ቀን ይበቃዋል። ለቆቦና ለአካባቢው ጤና ጣቢያዎች የተላከች አንዲት ገጽ "ከእናንተ ሰዎች ይህን ተማርን፤ ገላ እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ይህን ያህል ይጠቅማል" ብትል የማንም ማዕረግ አይቀንስም። ለነገሩ ጋዜጠኛውም ከዚህ ሕግ አያመልጥም፤ ታሪኩን ወስዶ የወጣበትን ጋዜጣ ላልላከ ሰው ተመራማሪን መውቀስ አያምርበትም።

ጓያ የሰበራቸው የወሎ ሰዎች እግራቸው ላይመለስ ለሰው ልጅ እግር መስክረዋል። የውለታው መመለሻ ሐውልት አይደለም። ቀጥሎ የሚጠየቀው ሰው፣ ቆቦ ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ወይም በአልጋው ላይ ሆኖ በሩ የሚንኳኳበት ሰው፣ መልሱን ሰጥቶ መልስ እንዲያገኝ ማድረግ ነው። ማሽላው እንኳ ያገኘውን ወግ ለሰው እንንፈግ እንዴ?

ቸር እንሰንብት!